አራት መቶ ኪሎ ሜትር በባቡር፣ አሥሩ በጭቅጭቅ

አክስቴ ከድሬዳዋ ወጥታ አዲስ አበባ ከከተመች ሠላሳ ዓመት ሊሞላት ነው። ባለፈው ሚያዝያ ለወንድሜ ሠርግ ስትመጣ «በአውሮፕላን ነይ» ብንላት እምቢ አለች። አውቶቡስም አልፈለገችም። «በባቡር ወጣሁ፣ በባቡር እመለሳለሁ» አለች። እሷ አንዴ ካለች አለች ነው።

ጠዋት 2 ሰዓት ለቡ ጣቢያ ተሳፈረች። ከሰዓት 9 ሰዓት አልፎ ድሬዳዋ ገባች። ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ፣ ሰባት ሰዓት ያህል፣ ምንም እክል የለም። ከጣቢያው መጋላ እስካለው ቤታችን ድረስ ያለው ደግሞ አሥር ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። እሱ ሁለት ሰዓት ከሩብ ፈጀብን። የምጽፈው ስለዚህች አሥር ኪሎ ሜትር ነው። ሳምንት ቆይተን አክስቴን ስንሸኝ ያው መንገድ ለምን ግማሽ ሰዓት ብቻ እንደወሰደም እነግራችኋለሁ።

የባቡር ጣቢያው ያለው ከከተማው ወጣ ብሎ በመልካ ጀብዱ በኩል ነው። ይህን የድሬ ሰው ሁሉ ያውቃል። እኔም አውቃለሁ። ጥፋቴ ሌላ ነው። ድሬዳዋ ተወልዶ ያደገ ሰው «ባጃጅ አጣለሁ» ብሎ አያስብም። ከቤት ስትወጣ አንዱ ጥሩምባውን ይነፋልሃል፣ ሌላው ሳትጠራው ይቆማል። ከከፊራ ከዚራ፣ ከከዚራ ሳቢያን፣ ከሳቢያን ድል ጮራ ሆስፒታል፣ እጅ ማንሳት ብቻ ነው። ስለዚህ አክስቴ «ሁርሶ አለፍን» ብላ ስትደውል ነው ጫማዬን ያደረግኩት።

ያኔ 8 ሰዓት ተኩል ሊሆን ነው። ሚያዝያ፣ ድሬዳዋ፣ ከሰዓት 8 ሰዓት ተኩል። ከተማውን የማታውቁት ይህ ምን ማለት እንደሆነ ላይገባችሁ ይችላል። ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። ሱቁ ግማሹ ዝግ ነው። አገሩ በርጫ ላይ፣ ጫት ላይ ነው። ባጃጆቹ ጥላ ጥላውን ተደርድረዋል፣ ሹፌሮቹ ሽርጣቸውን አገልድመው የኋላ ወንበር ላይ ጋደም ብለዋል። ጫታቸው ጎናቸው ነው፣ ውሃው በሃይላንድ ነው።

«መልካ ጀብዱ፣ ባቡር ጣቢያ» አልኩት የመጀመሪያውን።

«አቦ ሌላ ጠይቅ።» ዓይኑን እንኳ አልገለጠም።

ሁለተኛው ቤንዚን የለኝም አለ። ሦስተኛው ራሱን ነቀነቀ። አራተኛው ጠየቀኝና እኔ ነኝ እምቢ ያልኩት፤ በዚያ ገንዘብ ከዚራን አሥር ጊዜ መዞር ይቻላል። አምስተኛው ትንሽ ቀነሰ፣ ተስማማን። «ሄጄ ይዣት እመለሳለሁ፣ ትጠብቀኛለህ?» «እጠብቅሃለሁ፣ ወላሂ።»

ጣቢያው ትልቅ ነው። ፊት ለፊቱ ሜዳ ነው፣ ከሜዳው ባሻገር ያው ሜዳ ነው። ባቡሩ ትንሽ ዘግይቶ ገባ። ከዚያ ሕዝቡ ወጣ። ተማሪው፣ ነጋዴው፣ ሕፃን ያዘለችው፣ ማዳበሪያ የተሸከመው፣ ሁሉም በአንድ በር፣ በአንድ ጊዜ። ሚኒባሶቹ አሥር አይሞሉም። ረዳቶቹ የሚጮኹት «ሐረር! ሐረር!» እያሉ ነው። ሐረር ከድሬ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በደንገጎ ዳገት በኩል ነው የሚወጡት፣ ሒሳቡም እንደዚያው ነው። መጋላ የሚሄድ ሰው እዚያ ሰዓት ላይ ሰው አይደለም።

አክስቴ ሁለት ሻንጣና አንድ ማዳበሪያ ይዛ ወጣች። ማዳበሪያው ውስጥ በርበሬና ሽሮ ነው። ድሬዳዋ በርበሬ የሌለ ይመስል። ተሳስመን፣ ሻንጣውን ይዘን፣ ወላሂ ብሎ የማለልኝን ባጃጅ ወዳቆምኩበት ሄድን። የለም። ጎኑ የነበረ ልጅ «ሦስት ሰው ጭኖ ሄደ» አለኝ። ሒሳቡን ቀድሜ ከፍዬው ነበር። አዎ፣ ቀድሜ ነው የከፈልኩት። አትሳቁብኝ።

ከዚያ በኋላ ያለው አንድ ሰዓት ስለ ድሬዳዋ ትራንስፖርት አሥር ዓመት ያላየሁትን አሳየኝ።

ሚኒባሶቹ ሞልተው ሄዱ። አንዳንዱ ትርፍ ጭኖ ሄደ። ለከተማው የሚሆን አንድ ሚኒባስ ሲመጣ ጉልበት ያለው በመስኮት ሳይቀር ገባ። አክስቴ ስልሳ ሁለት ዓመቷ ነው፣ አትጋፋም። ባጃጆቹም ተጭነው አለቁ። ሃምሳ ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ያ ሁሉ ሕዝብ ተበትኖ ግቢው ፊት ሃያ የምንሆን ቀረን። ሻንጣ የበዛበት፣ ልጅ የያዘ፣ ወይ ብር ያጠረው። የቀረነውን ለመውሰድ የሚመጣ ግን የለም። ባቡሩ አንዴ ከመጣ ሌላ አይመጣም፤ ቀጣዩም ነገ አይደለም። ማን ብሎ ይመለሳል?

በመጨረሻ አንድ ባጃጅ ተመልሶ መጣ። አንዲት የድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ አብራን ገባች። ባጃጅ የሚይዘው ሹፌሩንና ሦስት ሰው ነው። የሰውን እንጂ የሻንጣን ነገር የሠራው ሰው አላሰበበትም። አንዱ ሻንጣ ከኋላ ገባ፣ አንዱ የኔ ጉልበት ላይ፣ ማዳበሪያው አክስቴ እግር ሥር። ሹፌሩ ልጅ ነው፣ ሃያም አይሞላው። ዞሮ አያትና «አንቺ እማማ፣ ጠጋ በይ» አላት።

እኔ ደነገጥኩ። አዲስ አበባ ሠላሳ ዓመት «እርስዎ» ሲሏት የኖረች ሴት ናት። አክስቴ ግን ሳቋ አመለጣት። «ተባረክ! አሁን ገና ድሬዳዋ ገባሁ» አለችው። ድሬ ላይ አንቱታ እንደሌለ ረስታው አልነበረም፣ ናፍቋት ነበር።

መንገዱ አጋማሽ ላይ ሞተሩ ተንተፋተፈና ቆመ። ቤንዚን። ልጁ ከመቀመጫው ሥር ሃይላንድ አወጣ፣ ከታች ሁለት ጣት የምትሆን ቀርታለች። ሞተሩ እሷን ጠጣና ከተማ አደረሰን። ከዚያ ማደያው ሰልፍ ነው። በጥቁር ገበያ የሚሸጥ ሰው ጋ ወሰደን፣ እዚያም ሃያ ደቂቃ ጠበቅን። ተማሪዋን አወረድን። ከፊራ ስንደርስ 11 ሰዓት ተኩል አልፏል፣ በርጫው አብቅቶ መንገዱ ጢም ብሏል፣ በየሁለት ሜትሩ አንድ ባዶ ባጃጅ ጥሩምባ ይነፋል።

አክስቴ ያንን እያየች «እነዚህ ሁሉ የት ነበሩ?» አለችኝ። ሳምንቱን ሙሉ ያሰብኩት ይህችን ጥያቄ ነው።

ወደ ጥያቄዋ ከመመለሴ በፊት የድሮውን ጣቢያ ላንሳ፤ አክስቴ ከሠርጉ ማግስት ወስዳ አሳይታኛለችና። ከዚራ ያለውን አሮጌውን ምድር ባቡር ማለቴ ነው። ሕንፃው አሁንም አለ። በሩ ላይ ቆማ በጣቷ አመለከተችኝ። «ሊቶሪናዋ እዚህ ትቆማለች። እዚህ እንወርዳለን። በዚያ መንገድ በእግራችን ከዚራን እናቋርጣለን። ደቻቱ ወንዝ ደረቅ ከሆነ አሸዋውን ተሻግረን መጋላ እንገባለን። ሻንጣችንን አንድ ኩሊ ይዞ ይከተለናል።» ቆጠርኩት። ባቡሩ ከቆመበት ቤታችን ድረስ ግማሽ ሰዓት የማይሞላ የእግር መንገድ ነው።

ይህ በአጋጣሚ አልሆነም። ባቡሩ ወደ ከተማው አልመጣም፤ ከተማው ነው ባቡሩ ዙሪያ የበቀለው። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ መጀመሪያ የታሰበው ሐረርን እንዲነካ ነበር። ተራራው ከበደ። ስለዚህ በ1895 ዓ.ም. ከሥር ካለው ሜዳ ደረሰና ቆመ፣ ቦታውም አዲስ ሐረር ተባለ። ገንዘብ አጥሮ፣ ክርክር በዝቶ፣ ሐዲዱ ለዓመታት ከዚያ አላለፈም። አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። በመሃሉ ጣቢያው ዙሪያ ፈረንሳዮቹ ከዚራን በመስመር ቀየሱ፣ ከደቻቱ ማዶ መጋላ በራሷ መንገድ አደገች። ጣቢያውን ከመሃል አድርገህ ብትዞር ገበያውም፣ ሆቴሉም፣ መሥሪያ ቤቱም እጅህ ላይ ነው። አምስት መቶ ሰው ከባቡር ቢወርድ አምስት መቶ ሰው በእግሩ ይበተናል። ታክሲ የሚባል ነገር ባይኖር እንኳ ማንም እዚያ አያድርም።

አዲሱ ባቡር የተመረቀው በ2009 ዓ.ም. መስከረም ነው፣ መደበኛ ሥራ የጀመረው ደግሞ በ2010። የድሮው ሐዲድ ስፋቱ አንድ ሜትር ነበር፣ ይሄኛው 1.435 ሜትር ነው። በኤሌክትሪክ ይሄዳል፣ መንገደኛ ሲጭን በሰዓት እስከ 120 ኪሎ ሜትር ይሮጣል። እንዲህ ያለ ባቡር እንደ ድሮው በከዚራ መሃል ሊጠማዘዝ አይችልም። ዋና እንጀራውም እኛ አይደለንም፣ ኮንቴይነር ነው። ሰፊ ሜዳ ይፈልጋል። የኢንዱስትሪ ፓርኩም፣ በ2014 ዓ.ም. የተመረቀው የነፃ ንግድ ቀጠናም በዚያው በመልካ ጀብዱ በኩል መሆናቸው ለዕቃው ይገባኛል። ስለዚህ «ለምን ከከተማ አወጡት?» የሚለውን ሮሮ እኔ አልደግፍም። ያወጡበት ምክንያት አለ። ያልታሰበበት ሰውዬው ከወረደ በኋላ ያለው ነው።

ወደ አክስቴ ጥያቄ ልመለስ። እነዚህ ሁሉ የት ነበሩ?

መልሱን የሰጠኝ ጎረቤታችን ነው። ባጃጅ ይነዳል፣ የራሱ አይደለም፣ ለባለቤቱ በየቀኑ ገቢ ያስገባል። ሠርጉ ላይ ድንኳን ስንጥል ነገሩን ሁሉ አጫወትኩት። በእኔ ይስቃል ብዬ ነበር። አልሳቀም።

«ስማ» አለኝ። «ከፊራና ከዚራ መሃል ስመላለስ ባዶዬን የምነዳው ምን ያህል ይመስልሃል? መቶ ሜትር አይሞላም። አንዱ ሲወርድ ሌላው ይገባል። ጣቢያ ስሄድስ? ወይ ስሄድ ባዶ ነኝ፣ ወይ ስመለስ ባዶ ነኝ። ባቡሩ ከዘገየ ፀሐይ ላይ እቆማለሁ። ገቢው ግን አይዘገይም፣ ማታ ባለቤቱ ይጠብቀኛል። ቤንዚኑን የማገኘው ተሰልፌ ነው፣ ካልሆነ በውድ ከጥቁር ገበያ። አንተን በስንት ልውሰድህ?»

እኔ እንደ ዝርፊያ ያየሁት ዋጋ የሁለት መንገድ ዋጋ ነው ማለት ነው። አንዱን ከእኔ ጋር፣ ሌላውን ከባዶ ወንበር ጋር።

ሌላም ነገር አስተዋልኩ። የእኛ ከተማ ትራንስፖርት የተሠራው ለጠብታ ነው። አንድ ሰው እዚህ፣ ሁለት እዚያ፣ ቀኑን ሙሉ ሳይቋረጥ። ሚኒባሱም እስኪሞላ ቆሞ የሚሄደው ሰው ሁልጊዜ እንደሚመጣ ስለሚያውቅ ነው። ባቡሩ የሚያመጣው ጎርፍ ነው። የድሬ ሰው ጎርፍ ምን እንደሆነ አይነገረውም፤ ደቻቱ ዓመቱን ሙሉ አሸዋ ሆኖ ይከርምና አንድ ሌሊት ደጋው ላይ ሲዘንብ ይመጣል። ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ያመጣብንን የረሳ የለም። ክፉ ምሳሌ ነው፣ ግን የመጣልኝ እሱ ነው። የባቡሩም ሕዝብ እንዲሁ ነው። ሁለት ቀን ምንም የለም፣ ከዚያ በአንድ በር በመቶ የሚቆጠር ሰው፣ ከዚያ እንደገና ምንም። እስኪሞላ የሚጠብቅ ሥርዓት ለዚህ አይሆንም። መጀመሪያ ላይ ወንበር ያንሳል፣ መጨረሻ ላይ ሰው ያንሳል። እኔና አክስቴ የወደቅነው መሃሉ ላይ ነው።

በዚያ ላይ ሰዓቱ። ከሰዓት 9 ሰዓት ድሬዳዋ ላይ የሞተ ሰዓት ነው። ይሄው ባቡር 11 ሰዓት ተኩል ቢገባ ኖሮ ግማሹ ነገር በራሱ ይፈታ ነበር። ለበርጫ ብሎ የባቡር ሰዓት የሚቀይር የለም፣ አውቃለሁ። ግን ባቡሩ የሚመጣበት ቀንና ሰዓት አስቀድሞ የሚታወቅ ነገር ነው። ሦስት የከተማ አውቶቡስ በዚያች ሰዓት ብቻ ግቢው ፊት ቢቆም፣ አንዱ ለሳቢያን፣ አንዱ ለከዚራ፣ አንዱ ለመጋላ፣ የቀረውን ቀን የትም ቢውል ችግር የለም። እኔን የገረመኝ ይህ ቀላል መሆኑ ነው።

አክስቴን ስንሸኝ ከጎረቤታችን ጋር ነው የተመካከርነው። ባቡሩ የሚነሳው ጠዋት ስለሆነ እኔ የባሰ ይወደዳል ብዬ ነበር። እሱ «እንዲያውም ይረክሳል» አለኝ። ለምን? ጠዋት ከመልካ ጀብዱ ወደ ከተማ የሚገባ ሰው አለ። ወተት የሚያመጡ ሴቶች አሉ፣ ለከፊራ ገበያ የሚመጣ አለ፣ ሆስፒታል የሚሄድ አለ። አድርሶን ሲመለስ ባዶ አይሆንም። ስለዚህ የጠየቀን የአንድ መንገድ ብቻ ነው።

ከአዲስ አበባ ለሠርጉ የመጡ ሌሎች ሁለት ሰዎችም በዚያው ባቡር ተመላሾች ነበሩ። ሦስቱን በአንድ ባጃጅ አደረግናቸው። ሻንጣውን ሁሉ፣ እኔን ጨምሮ፣ በሌላ። አክስቴ ስትመጣ ይዛ የመጣችው በርበሬ ነው፣ ስትሄድ የአሸዋ ገበያን ግማሽ ይዛ ነው የሄደችው። ብርድ ልብስ፣ የሻይ ብርጭቆ፣ ለልጅ ልጆቿ ሙሸበክ የሚባለው ጣፋጭ። ዋጋውን ማታውኑ ጨርሰን ነበር፣ በሰው ስንት፣ በሻንጣ ስንት። የሚከፈለው ስንደርስ። ይህችን እንኳ ተምሬአለሁ።

ጎህ ሲቀድ ተነሳን። መንገዱ ባዶ ነው፣ አየሩ ቀዝቃዛ ነው፣ ድሬ ያለ ፀሐይ ሌላ ከተማ ናት። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ጣቢያው በር ላይ ነበርን። እውነትም እኛ ሳንወርድ ሁለት ሴቶች የወተት ጀሪካናቸውን ይዘው ወደ ባጃጁ ይራመዱ ነበር። ጎረቤታችን ዞሮ «አላልኩህም?» በሚል ዓይን አየኝ።

በዚያው ቀን ለወደፊቱ ተስማማን። የእኛ ሰው በባቡር ሲመጣ ኤረር ላይ ይደውልልኛል፣ ሁርሶ ሲባል ይረፍዳል። እኔ ለጎረቤቴ እደውላለሁ። እሱ ከመነሳቱ በፊት ወደ መልካ ጀብዱ የሚሄድ ሰው ይፈልጋል፤ ካገኘ ዋጋው ይቀንሳል፣ ካላገኘ ሙሉውን እከፍላለሁ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ሠርቷል። አንድ ጊዜ ባቡሩ ስለዘገየ አብረን ጥላ ፈልገን ሁለት ሰዓት ተቀመጥን፣ ያኔ የሻዩ ሒሳብ የእኔ ነበር። ይህ እኛን ያገለግላል፤ ጎረቤት ባጃጅ ነጂ የሌለውን እንግዳ ግን አያገለግልም። ያን ቀን ግቢው ፊት አብረውን የቀሩት ሰዎች እንዴት እንደገቡ እስካሁን አላውቅም።

አክስቴ በሄደች ዕለት ከሰዓት ስልኬ ጠራ።

«ደረስሽ?» አልኳት።

«ለቡ ነኝ።»

«እሰይ! በሰላም ገባሽ።»

«የት ገባሁ? ለቡ ነኝ አልኩህ እኮ። ሰልፍ ላይ ነኝ።»

ከአንድ ሰዓት በኋላ መልሼ ደወልኩላት። ታክሲ ጥበቃ ላይ ነበረች።